አድራሻው ልክ ነው፤ የተሳሳተው ቀበሌው ነው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን እንዲህ ተረድቼዋለሁ፦ የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ውስጥ የሚገባ ሞጁል ጽፈሃል፤ የሌላ ፕሮግራም መለያ ቁጥርና የሜሞሪ አድራሻ ትሰጠዋለህ፤ እሱም «ኮፒ ፍሮም ዩዘር» በሚባለው ተግባር ሊያነብ ሲሞክር አንዳንዴ ስህተት፣ አንዳንዴ የማታውቀው ቁጥር ይመልሳል። አድራሻውን ሦስት ጊዜ እንዳረጋገጥህም ጽፈሃል። አምንሃለሁ።

እዚህ አዳማ ውስጥ አንድ ሰው «ቤት ቁጥር 215 ና» ቢልህ፣ ቀበሌውን ሳትጠይቅ ባጃጅ አትሳፈርም። የቨርቹዋል ሜሞሪ አድራሻም ያለ ባለቤቱ ትርጉም የለውም። እያንዳንዱ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) አድራሻውን ወደ ራም ቦታ የሚተረጉምለት የራሱ የገጽ (የሜሞሪ ቁራጭ) ሠንጠረዥ ስላለው፣ አንዱ ቁጥር በሁለት ፕሮሰሶች ዘንድ ወደ ሁለት የተለያዩ የራም ቦታዎች ሊመራ ይችላል። «ኮፒ ፍሮም ዩዘር» ደግሞ የሚሠራው በዚያች ቅጽበት ሞጁሉን በጠራው ፕሮሰስ ሠንጠረዥ ነው። የሰጠኸውን መለያ ቁጥር ዞር ብሎም አያየው።

እኔ የነቃሁት ፍራንኮ አካባቢ ላለ አንድ ሱቅ የሽያጭ ፕሮግራም ስጠግን ነው። ፕሮግራሙን ሳላቆም በውስጡ የያዘውን ድምር ማየት ፈለግሁ። ለሙከራ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም በሁለት መስኮት ከፈትሁ፤ ተለዋዋጯ በሁለቱም በአንድ አድራሻ ላይ እንድታርፍ አድርጌ፣ በአንዱ 7777፣ በሌላው 1111 አስቀመጥሁ። ከሁለተኛው መስኮት ሆኜ የመጀመሪያውን ሳስነብብ የመጣልኝ 1111 ነበር። የራሴን ኪስ እየበረበርሁ የጎረቤቴን ገንዘብ ስቆጥር ማለት ነው።

ከዚያ ትዕቢት ያዘኝና ሠንጠረዡን በእጄ ልውረደው አልሁ። በተለመደው ባለ 64 ቢት ኢንቴል ማሽን አድራሻው 48 ቢት ነው፤ ዘጠኝ ዘጠኝ ቢት በአራት ደረጃ፣ የቀረው 12 ቢት በ4 ኪሎባይቱ ገጽ ውስጥ ያለው ቦታ። ጠዋት ሠራ፤ 7777 ወጣ። ከሰዓት በኋላ ግን ማሽኑ ድርቅ አለ። አብሮኝ የነበረው ልጅ «መብራት ሄደ» አለ፤ ማራገቢያው ግን እየዞረ ነበር። ለካ የደረስሁበት ገጽ 2 ሜጋባይት የሚሆን ትልቅ ገጽ ኖሯል፤ እንዲህ ያለው መንገድ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያበቃል። እኔ ግን ተራውን ውሂብ አራተኛ ሠንጠረዥ ነው ብዬ ቀጠልሁ። ወደ ዲስክ የተገፋ ገጽ ቢገጥመኝም ኮዴ መመለሻ አልነበረውም።

ስለዚህ ይህን ለከርነሉ ተውለት። «ጌት ፒድ ታስክ» ብለህ ባለቤቱን ያዝ፣ «አክሰስ ፕሮሰስ ቪኤም» በሚለው አንብብ፣ ስትጨርስ «ፑት ታስክ ስትራክት» ብለህ ልቀቀው። ትልቁን ገጽም፣ ወደ ዲስክ የተገፋውንም እሱ ያስተናግዳል። ሥራው መሀል ላይ ተኝቶ ሊጠብቅ ስለሚችል ስፒንሎክ (ሌላው እስኪለቀቅ ሳይተኛ የሚጠብቀው ቁልፍ) ይዘህ አትጥራው። የሞጁልህ ፈቃድም ጂፒኤል (የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ) መሆን አለበት።

ግን እውነት ሞጁል ያስፈልግሃል? ከሊኑክስ 3.2 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ «ፕሮሰስ ቪኤም ሪድቪ» የሚባል የሲስተም ጥሪ (ፕሮግራም ከርነሉን አገልግሎት የሚጠይቅበት መንገድ) አለ፤ አንዲት የከርነል መስመር ሳትጽፍ ያነብልሃል። ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ከከለከለህ አትደንግጥ፤ እዚያ በተለመደው ቅንብር አንድ ፕሮግራም የሚያነበው የራሱን ልጆች ብቻ ነው። በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ መብት) ስታስኬደው ያልፋል። እኔም ሱቁን በመጨረሻ የጠገንሁት በእሱ ነው፤ ሞጁሌን ጣልሁት።

የሚመልሰውን የባይት ብዛት ግን ሁልጊዜ ፈትሽ፤ ከጠየቅኸው ያነሰ ሊሰጥህ ይችላል። የሚነበበውም ፕሮግራም አይቆምም። ገንዘብ ተቀባይዋ ሦስተኛውን ዕቃ እየመታች ሳለ አንብቤ፣ ዕቃው ሦስት ሆኖ ድምሩ የሁለት ዕቃ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ግማሽ ቀን ፕሮግራሙን ስረግም ከቆየሁ በኋላ ነው ሁለት ጊዜ አንብቤ ሲገጥሙ ብቻ መቀበል የጀመርሁት።