የብሩስ ሊን ልጅ ማን ገደለው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከቡሬ ነው። ከጓደኛዬ ጋር በአንድ ኪሎ ጥብስ ተወራርደናል። እኔ የብሩስ ሊን ልጅ የገደሉት አባቱን የገደሉት ሰዎች ናቸው እላለሁ። እሱ ደግሞ ልጁም እንደ አባቱ ታሞ ነው የሞተው ይላል። ማን ይክፈል? ለመሆኑ ልጁ ከአባቱ ስም ሌላ የራሱ ሥራ ነበረው?

መልስ፦ ይህን ወሬ የት እንደ ሰማኸው አውቃለሁ፤ እኔም እዚያው ነው የሰማሁት። ደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳለሁ የምናዘወትራት አንዲት ቪዲዮ ቤት ነበረች። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከቴሌቪዥኑ የሚወጣው ድምፅ ስለማይሰማ፣ በር ላይ ሳንቲም የሚሰበስበው ልጅ ታሪኩን እየጮኸ ይነግረን ነበር። እንግሊዝኛ ግን አያውቅም። «አባቱን የበሉት ናቸው ልጁንም የበሉት» ያለን እሱ ነው። እኔም ለዓመታት አምኜው ኖሬአለሁ።

ልጁ ብራንደን ሊ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1965 በካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ነው። በድብድብ ፊልም ዝነኛ የነበረው አባቱ በ1973 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሲሞት የ8 ዓመት ልጅ ነበር። አባትየውን የገደለው የአንጎል እብጠት ነው፤ ገና 32 ዓመቱ ነበር። እናቱ ልጆቿን ይዛ አሜሪካ ገባች። ብራንደን በቦስተን ኤመርሰን ኮሌጅ፣ ኋላም ኒው ዮርክ ትወና ተማረ። የፈለገው ተዋናይ መሆን ነበር፤ ሰው የፈለገው ግን እግሩን ነው። በእኛ አገር «የአባቱ ልጅ» ሲባል ሙገሳ ነው፤ ለእሱ ሸክም የሆነበት ይመስለኛል። በ1986 ሆንግ ኮንግ ሄዶ በካንቶንኛ ፊልም መሪ ተዋናይ ሆነ፣ በ1991 ከተዋናዩ ዶልፍ ላንድግረን ጋር ሠራ፣ በ1992 «ራፒድ ፋየር» የተባለው ፊልሙ ወጣ። ሁሉም ድብድብ ነው። ከድብድብ ያለፈ ሚና ያገኘው በመጨረሻው ፊልሙ፣ በ«ዘ ክሮው» ነበር፤ ተገድሎ ከመቃብር የሚነሣ ሙዚቀኛ ሆኖ።

በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 22 ቀን 1985 (እ.ኤ.አ. በ1993)፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ዊልሚንግተን። «ዘ ክሮው» እየተቀረጸ ነው፤ ትዕይንቱ ሙዚቀኛው ቤቱ ሲገባ ሲተኮስበት ነው። ቀለህና አረር ለይቶ ለሚያውቅ የጎጃም ሰው ስለምጽፍ ነገሩን ማስረዳት አይከብደኝም። ቀደም ብሎ በተቀረጸ ትዕይንት ሽጉጡ በቅርብ ስለሚታይ እውነተኛ የሚመስል ጥይት ያስፈልግ ነበር። ከእውነተኛ ጥይት ባሩዱ ተራግፎ አረሩ ተመልሶ ተገጠመ፤ በቀለሁ ቂጥ ያለችው እሳት የምትጭረው ክፍል ግን አልወጣችም። ቃታው ሲሳብ እሷ ብቻዋን ፈንድታ አረሩን ገፋችውና አፈሙዙ ውስጥ ተሰነቀረ። ማንም አላየውም። በዚያ ቀን ባሩድ ያለው፣ ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ የተሠራ ጥይት ጎረሰና ተተኮሰ፤ የተሰነቀረውን አረር ይዞት ወጣ። የብራንደንን ሆድ መታው። ሐኪሞች ለሰዓታት ቢታገሉም አልተረፈም። ዕድሜው 28 ነበር፤ ሠርጉ ሊደርስ ሳምንታት ብቻ ቀርተውት ነበር።

አጎቴ ጠመንጃውን በወለወለ ቁጥር አፈሙዙን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያይ ነበር። ልጅ ሆኜ እስቅበት ነበር። ፊልሙ በሚቀረጽበት ቦታ ያልነበረው ይህ አንድ ዓይን ነው።

ወሬው ከየት መጣ ብትል፣ ብሩስ ሊ ሳይጨርሰው ሞቶ እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው ፊልም ውስጥ ጠላቶቹ የውሸት ጥይት በእውነተኛ ቀይረው ተዋናዩን የሚመቱበት ትዕይንት አለ። አባትና ልጅ እንዲህ ሲገጣጠሙ የቪዲዮ ቤቱ ልጅ ምን ያድርግ! ዐቃቤ ሕጉ ግን መርምሮ ማንንም በወንጀል አልከሰሰም። «ዘ ክሮው»ን በምትክ ተዋናይና በኮምፒውተር ጨርሰው እ.ኤ.አ. በ1994 አወጡት። ከምትኮቹ አንዱ ቻድ ስታሄልስኪ ይባላል፤ ዛሬ ልጆቻችን የሚያዩትን «ጆን ዊክ» ያዘጋጀው እሱ ነው።

ብራንደን ሲያትል ውስጥ ከአባቱ ጎን ተቀብሯል። ውርርዱን በተመለከተ፣ አንተም ተሸንፈሃል፣ ጓደኛህም ተሸንፏል። ጥብሱን እኩል ክፈሉ፤ እኔ ቡሬ ስመጣ ደግሞ አጥንት ያለበት ይሁንልኝ።