የቢሮው ግሩፕ የማን ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት 18 ሠራተኞች ነን። ሥራችን ሁሉ በቴሌግራም ግሩፕ ነው የሚካሄደው። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ «ቴሌግራም ምስጢር አይጠብቅም፣ ወደ ዋትስአፕ እንሂድ» ይላሉ። እውነት አላቸው?

መልስ፦ ግማሹን። በዋትስአፕ የሚጻፍ መልእክት፣ የግልም ይሁን የግሩፕ፣ ከላኪው ስልክ ተቆልፎ ወጥቶ የሚከፈተው ተቀባዩ ስልክ ላይ ነው። ቴሌግራም ግን መልእክቱን ሰርቨሩ (የራሱ ዋና ኮምፒውተር) ላይ ያስቀምጣል፤ ቁልፉም እዚያው ነው። እንደ ዋትስአፕ የሚቆለፈው «ሲክሬት ቻት» ብቻ ሲሆን፣ እሱም ለሁለት ሰው እንጂ ለግሩፕ አይሆንም።

ነገር ግን የቢሮ ምስጢር ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ከመስመሩ ላይ ሳይሆን ከሠራተኛው ስልክ ነው። የደንበኛ ፋይዳ መታወቂያ ፎቶ በዋትስአፕ ሲደርስ ጋለሪ ውስጥ ይገባል፤ ማታ ልጅ ጌም ሊጫወት ስልኩን ሲያነሳ ከልደት ፎቶዎች መሃል ያገኘዋል። ሴቲንግስ፣ ቻትስ ገብታችሁ «ሚዲያ ቪዚቢሊቲ» የሚለውን አጥፉት። እዚያው «ቻት ባክአፕ» (የመልእክቶቹ መጠባበቂያ ቅጂ) ውስጥ የተቆለፈ ባክአፕ አማራጭ አለ። እሱ ካልበራ፣ መንገድ ላይ የተቆለፈው መልእክት ጎግል ድራይቭ ላይ ሳይቆለፍ ይቀመጣል። ስታበሩት የይለፍ ቃል ወይም 64 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይሰጣችኋል፤ ያ ከጠፋ ባክአፑን ማንም አይከፍትላችሁም።

ለዕለት ሥራ ግን ቴሌግራም ይመቻል። ዛሬ የተቀጠረ ሰው የአምናውን የዕቃ ዝርዝር ወደ ላይ ስቦ ያነባል (ግሩፑ ላይ «ቻት ሂስትሪ» ለአዲስ አባላት ክፍት ከሆነ)። ስልኩ ባይከፈትም ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ዋትስአፕ ከስልኩ ሌላ እስከ 4 መሣሪያ ያገናኛል፤ ዋናው ስልክ 14 ቀን ሳይከፈት ከቆየ ግን ሁሉም ይቋረጣሉ። ዓመት ፈቃድ የወጣ የሂሳብ ሠራተኛ ሲመለስ ኮምፒውተሩ «እንደገና ግባ» የሚለው ለዚህ ነው።

የእኛ ምክር ሁለቱንም ያዙ ነው፤ የዕቃ መግቢያና መውጫ፣ የመኪና ስምሪት፣ የቀን ሪፖርት በቴሌግራም ይሁን፤ ደመወዝ፣ ውልና መታወቂያ ደግሞ በዋትስአፕ ወይም እንደ እሱ በሚቆልፈው ሲግናል በተባለ መተግበሪያ፣ ለዚያውም መልእክቱ በራሱ እንዲጠፋ ቀን ተቆርጦለት። በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የደንበኛ መረጃ አፈትልኮ ሲወጣ የሚጠየቀው ድርጅቱ ነው፤ «ሠራተኛው ነው የላከው» ማለት አያዋጣም።

ጥያቄ፦ የቢሮውን ቴሌግራም ግሩፕ የከፈተው ልጅ ሥራ ለቋል። አድሚን ብሆንም ላስወጣው አልቻልኩም።

መልስ፦ አይቻልም። አድሚን ባለቤቱን፣ ማለትም ግሩፑን የከፈተውን፣ አያስወጣም፤ ባለቤቱ ግን ሁላችሁንም ማስወጣት ይችላል። ስለዚህ ከልጁ ጋር ሳትጣሉ በስልክ ለምኑትና እንዲህ ያድርግ፦ ግሩፑን ከፍቶ ኤዲት፣ አድሚኒስትሬተርስ፣ ከዚያ የእርስዎን ስም። ሁሉንም መብት ሲያበራልዎት ከታች «ትራንስፈር ግሩፕ ኦውነርሺፕ» የሚል ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ባለቤትነት የሚዛወረው የልጁ አካውንት ባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል (ከኤስኤምኤስ ኮዱ ሌላ የሚጠየቅ) ካለውና የይለፍ ቃሉ ከተከፈተም ከ7 ቀን በላይ ከሆነው ብቻ ነው፤ በያዘው ስልክ ላይም ከገባ 24 ሰዓት ማለፍ አለበት። ዛሬ ከፍቶ ዛሬ ልስጥ ቢል እምቢ ይለዋል።

ልጁ ካልተገኘ ሌላ ግሩፕ ከመክፈት በቀር መንገድ የለም። መጀመሪያ በኮምፒውተር ቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ ሦስቱን ነጥብ ተጭነው «ኤክስፖርት ቻት ሂስትሪ» ይበሉ፤ ፎቶና ፋይል ላይ ምልክት አድርገው በኤችቲኤምኤል ያውርዱት። የፋይል መጠን ገደቡን ከፍ ካላደረጉት ትልልቆቹ ፋይሎች ይቀራሉ።

ለወደፊቱ የግሩፑ ባለቤት የሰው ስልክ ሳይሆን በድርጅቱ ስም የወጣ ሲም ይሁን፤ የይለፍ ቃሉም ታሽጎ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። ሲሙን ግን አትርሱት። ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ስልኩን የያዘ ሰው ሲለቅ «ዲቫይስስ» ውስጥ ሌሎቹን መሣሪያዎች ሁሉ አስወጡ፤ ይህንንም አሁን በገባችሁበት አዲስ ስልክ ከሆነ 24 ሰዓት ያስጠብቃችኋል። ስለዚህ ርክክቡ ከመጨረሻው የሥራ ቀን በፊት ይሁን።

ጥያቄ፦ ግሩፑ ውስጥ «ደረሰኝ» ብዬ ስፈልግ የማልፈልገው ይመጣል፣ የምፈልገው አይመጣም።

መልስ፦ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። «ብሩ ደረሰኝ»፣ «ዕቃው ደረሰኝ» የሚለው ሁሉ ይመጣል፤ ማሽኑ ወረቀቱን ከመድረሱ አይለየውም። ፍለጋው ደግሞ ከቃሉ መጀመሪያ ስለሚነሳ «የደረሰኝ ቁጥር» እና «በደረሰኝ» ይቀራሉ። መፍትሔው ደረሰኝ ሲልኩ #ደረሰኝ (ሃሽታግ) ብሎ መጻፍ፣ ባዶ ቦታ መተው፣ ከዚያ ቁጥሩን ማስከተል ነው። «#ደረሰኙን» ብለው ካያያዙት ሌላ ምልክት ይሆናል። አንዱ #ዕቃ፣ ሌላው #እቃ ቢጽፍም እንዲሁ ሁለት ይሆናሉ። የምልክቶቹን ዝርዝር በአንድ መልእክት ጽፋችሁ ግሩፑ አናት ላይ ፒን አድርጉት፤ ሰው ከዚያ እየቀዳ ይለጥፍ። ከስድስት ሰባት በላይ ግን አታድርጓቸው፣ ማንም አያስታውሳቸውም።

ጥያቄ፦ ለጠዋት 3 ሰዓት ያዘጋጀሁት መልእክት ሌሊት ሄዶ ሠራተኛውን ሁሉ ቀሰቀሰ።

መልስ፦ ቴሌግራም የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 3:00 ካሉት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይልከዋል። ለቀን ሰዓት 6 ይደምሩ (ጠዋት 3 ሲሉ 9:00፣ ከሰዓት 8 ሲሉ 14:00)፤ ከምሽቱ 1 እስከ 5 ላለው 18 ይደምሩ።

ጥያቄ፦ 7 ሆነን ስላክ በተባለው የቢሮ መጻጻፊያ በነጻ እንሠራለን። ከሦስት ወር በፊት የተጻፈው የለም። ኢንተርኔት ሲቋረጥም ሥራ ይቆማል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ነጻው ስላክ የሚያሳየው የ90 ቀን መልእክት ነው። የቆየው ዓመት እስኪሞላው ተደብቆ ይቆያል፤ ከፍላችሁ ብታሳድጉት ይመለሳል። ዓመት ካለፈው ግን ይጠፋል።

የሶፍትዌር ሰዎች ከሆናችሁ እንደ ስላክ ያለውን ዙሊፕን ቢሮ ውስጥ ትከሉ። ኡቡንቱ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነጻ ሲስተም) የተጫነበት፣ 2 ጊጋባይት ራምና 10 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃዋል፤ ሶፍትዌሩ ነጻ ነው፣ መልእክትም አይቆርጥባችሁም። ኢንተርኔት ቢቋረጥም በቢሮው ዋይፋይ ትጻጻፋላችሁ። በስልክ ላይ የሚመጣው ማሳወቂያ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። ኮምፒውተሩንም ራውተሩንም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) ላይ ሰኩ፤ መብራት ሲጠፋ ራውተሩ ብቻ ቢዘጋም ሁሉም ይቆማል። ባክአፑን በየሳምንቱ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፣ ዲስኩም እዚያው ጠረጴዛ ላይ አይደር።

ከቢሮ ውጭ ላሉት የሁሉም ስልክ ቁጥር በወረቀት ታትሞ ይያዝ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም ያለ ቪፒኤን አልከፈት ሲል ኤስኤምኤስ ይሠራ ነበር።