ሳህኑን ገልብጣችሁ እዩት

በቅርስ ጥገና ሙያ ገና የጀመረች ልጅ ሰሞኑን ጻፈችልኝ። በጥንታዊ የቻይና ፖርሴሊን (ነጭና ስስ ሸክላ) ላይ የሚሳሉት ዕፅዋት ምን ምን እንደሚያመለክቱ በዝርዝር ይላኩልኝ፣ ልሸምድደው ነው አለች። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ለንደን ውስጥ ጥገና ክፍል ስሠራ፣ ከጎኔ በዕድሜ የገፉ ቻይናዊት ባለሙያ ነበሩ። አንድ ቀን በቻይናው ንጉሠ ነገሥት በዮንግዠንግ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1723–1735) የተሠራ፣ ኮክ የተሳለበት ትልቅ ሳህን መጣልን። እኔ ጠርዙ ላይ ያለውን ስንጥቅ በማጉያ መነጽር እያየሁ ነው። እሳቸው ሳህኑን ቀስ አድርገው ገለበጡት። ለካ ቅርንጫፉ የሚነሳው ከጀርባው፣ ከእግሩ (ከመቀመጫው) አጠገብ ነው! ሽቅብ ይወጣል፣ ጠርዙን ይሻገራል፣ ከዚያ ውስጥ ገብቶ ያብባል፣ ያፈራል። ኮኮቹ 8 ናቸው፤ 3ቱ ከውጭ፣ 5ቱ ከውስጥ። ቅርንጫፉን በጣታቸው እየተከተሉ፣ ኮክ የረጅም ዕድሜ ምኞት እንደሆነ፣ በተረታቸው የማይሞቱት የሚበሉት ኮክ በ3,000 ዓመት አንዴ እንደሚበስል ነገሩኝ። ቀጥለው አያታቸው ቤት ስለነበረ ሳህን ማውራት ጀመሩ፣ ግን ሥራ አቋረጠን። በኋላ እጠይቃቸዋለሁ ስል ጡረታ ወጥተው አገራቸው ገቡ። ስለ ኮባልት (ሰማያዊው) ቀለምና ስለ ምድጃ ሙቀት መጽሐፉ ሞልቷል። የአያታቸው ወሬ ግን የትም አልተጻፈም።

የዛሬ ልጆች ፈጣን ናችሁ፣ ደስ ይለኛል። ግን ፎቶ አንስታችሁ ስልኩ ሲመልስላችሁ ዓይናችሁ ሥራ ያቆማል። ዕፅዋቱ እኮ ትርጉማቸውን ያገኙት ከአኗኗራቸው ነው። ጥድ በብርድም አረንጓዴ ነው። ቀርከሃ ይጎነበሳል እንጂ አይሰበርም። ፕሪም ቅጠል ሳያወጣ፣ በረዶው ሳይሄድ ያብባል። ሦስቱ አንድ ላይ ከተሳሉ መከራን የሚችል ሰው ማለት ነው። ሎተስ ከጭቃ ወጥቶ ንጹሕ ነው። ፍሬው የሞላ ሮማን ልጅ በልጅ ሁኑ የሚል ምርቃት ስለሆነ ለሠርግ ይሰጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ሳህኑ ለማን ተሰጠ ብላችሁ ጠይቁ።

ሁሉም ሥዕል ግን ምኞት አይደለም። ኢስታንቡል፣ ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ከ10,000 በላይ የቻይና ፖርሴሊን አለ። እዚያ ትልልቆቹን ሰማያዊና ነጭ ሳህኖች ሳይ የኛ ገበታ ትዝ አለኝ። በምዕራብ እስያ ሰዎች ከአንድ ሳህን አብረው ስለሚበሉ፣ የቻይናዋ የፖርሴሊን ከተማ የጂንግደዠን ሠሪዎች ለነሱ ብለው አስፍተው ይሠሩ ነበር። ወይን የተሳለባቸውም አሉ፤ ወይን ራሱ ወደ ቻይና የገባው ከምዕራብ ነው።

ለልጅቷ ዝርዝሩን ልኬላታለሁ፤ ያለ እሱ መጀመር ከባድ ነው። ለንደን ያላችሁ ደግሞ ብሪቲሽ ሙዚየም ክፍል 95 ግቡ፤ በነጻ ነው። ወደ 1,700 የሚጠጋ የቻይና ሸክላ ዕቃ አለ። አንዱን ብቻ መርጣችሁ ግማሽ ሰዓት ቁሙበት። አጠገባችሁ የሚያውቁ አዛውንት ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቋቸው።