ውሳኔውን ለባለቤቱ መልሱ፦ በስደተኞች ማቋቋም ሥራ ለምትሰማሩ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባሉ የቨርጂንያና የሜሪላንድ ከተሞች ወደ አሜሪካ የሚገቡ ስደተኞችን በመቀበልና በማቋቋም ነው። አንዳንዶቻችሁ የሶሻል ወርክ ትምህርት ጨርሳችሁ፣ ሌሎቻችሁ ደግሞ ወላጆቻችሁ በሱዳን ወይም በኬንያ በኩል ያለፉበትን መንገድ እየሰማችሁ ስላደጋችሁ፣ በዚህ ሙያ ለመሰማራት ወይም በበጎ ፈቃድ ለማገልገል እንደምትፈልጉ አውቃለሁ። ሥራው ምን እንደሚጠይቅ የማምንበትን ልጽፍላችሁ የወደድኩት ስለዚህ ነው።

አንድ ሰው ስደተኛ ሆኖ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ሦስተኛ አገር እስኪገባ ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለብዙ ዓመታት፣ የሕይወቱን ዋና ዋና ጉዳዮች የሚወስኑለት ሌሎች ናቸው። የሚያድርበትን መጠለያ የጣቢያው አስተዳደር ይመድብለታል፤ የራሽኑን መጠን ርዳታ ሰጪው ይወስንለታል፤ ለሰፈራ የሚያጨው የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ሲሆን፣ ቃሉን ሰምቶ የሚያሳልፈው ወይም የሚመልሰው ደግሞ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መኮንን ነው። ይህ ዕድል በየዓመቱ የሚደርሰው ከዓለም ስደተኞች ከመቶ አንድ እንኳ ለማይሞሉት ነው፤ የሚደርሰውም ሰው የሚያርፍበትን ከተማ በአብዛኛው ራሱ አይመርጥም። እኛ በደግነት ተነሣስተን ይህንኑ ልማድ ብንቀጥልበት፣ የመጠለያ ጣቢያውን ኑሮ ወደ አፓርታማ አዛወርነው እንጂ ሰውየውን አላቋቋምነውም። ስለዚህ የሥራችሁን ውጤት ስትመዝኑ፣ ምን ያህል ነገር እንዳደረጋችሁለት ሳይሆን ምን ያህል ውሳኔ ወደ እጁ እንደተመለሰ እንድትጠይቁ እመክራችኋለሁ።

ዛሬ የምናውቀው አሠራር የቆመው ፕሬዚዳንት ካርተር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1980 በፈረሙት የስደተኞች ሕግ ላይ ነው። ከሱዳን ከተሞች ከገዳሪፍ፣ ከከሰላና ከካርቱም የመጡት ወገኖቻችን በዚህ ሕግ ከአፍሪካ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ መካከል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1983 በአርሊንግተን፣ ቨርጂንያ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት የራሳችንን ሰዎች ለመርዳት ተነሥቶ፣ በኋላ ከመንግሥት ጋር ተዋውለው ከየትኛውም አገር የሚመጡትን ስደተኞች ከሚቀበሉት ጥቂት አገር አቀፍ ድርጅቶች አንዱ ለመሆን በቅቷል። አንድ ማኅበረሰብ በቆመ ጊዜ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ድርጅት አዲስ የገባውን ቤተሰብ የሚያስተናግድበት የመቀበያ ጊዜ በተለመደው አሠራር 90 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ቤት ተከራይቶ ዕቃው መሟላት፣ ቤተሰቡ በገባበት ሌሊት የለመደው ዓይነት ምግብ ተዘጋጅቶ መጠበቅ፣ በማግስቱ መጎብኘት፣ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ካርድ (ለሥራና ለግብር የሚያገለግለው የመንግሥት መለያ ቁጥር) መጠየቅ፣ የጤና ምርመራ መደረግ፣ ልጆች ትምህርት ቤት መመዝገብ አለባቸው። ዝርዝሩ ረጅም፣ ቀኑ አጭር በመሆኑ፣ የቤተሰቡን ጉዳይ የሚከታተለው ሠራተኛ፣ ኬዝ ወርከሩ፣ ሁሉንም በገዛ እጁ ቶሎ ጨርሶ መዝገቡን መዝጋት ይቀለዋል። እናንተ ግን ወደ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቢሮ ስትሄዱ፣ መኪናችሁ ደጅ ቆሞም ቢሆን አንዳንድ ጊዜ በአውቶቡስ ሂዱ፤ ሰነዶቹን የያዘውን አቃፊ እናትየዋ ትያዘው፤ ስሟን ለጸሐፊው የምትናገረውም እርሷ ትሁን። አንድ ሰዓት የሚፈጀው ጉዳይ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ያለ እናንተ ትሄዳለች።

ሰነድን በተመለከተ ረዘም አድርጌ መጻፍ አለብኝ፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ለዓመታት የሚዘልቅ ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ነውና። የልደት ቀናቸውን በትክክል የማያውቁ ብዙ ስደተኞች በወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለዱ ተብለው ይመዘገባሉ። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ደግሞ ሌላ አደጋ አለበት፤ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1985 የተወለደ ወጣት በፈረንጆቹ ሐምሌ 1985 ተብሎ ከተጻፈ ዕድሜው በስምንት ዓመት ይጨምራል። እንዲህ ያለው ስሕተት ገና ትምህርት ቤት መግባት የሚገባውን ልጅ አዋቂ ያደርገዋል። የስማችን ሥርዓትም እንዲሁ ነው፤ ባል በአባቱ፣ ሚስት በአባቷ፣ ልጆች በአባታቸው ስም ስለሚጠሩ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት የተለያዩ «የቤተሰብ ስሞች» ይገኛሉ፤ የትምህርት ቤቱ መዝጋቢም እናትየዋን የልጆቹ እናት ስለመሆኗ ይጠይቃታል። ከእናንተ የሚጠበቀው፣ ማንኛውም ቅጽ ከመፈረሙ በፊት እያንዳንዱን መስመር ባለጉዳዩ በሚረዳው ቋንቋ ማንበብና ስሙ በመግቢያ ሰነዱ፣ ማለትም በአይ-94 ላይ በተጻፈበት ፊደል መጻፉን ማረጋገጥ ነው። ስሕተት ብታገኙ በራሳችሁ ሥልጣን አታስተካክሉት፤ በሁለት ሰነዶች መካከል የሚታይ ልዩነት ኋላ ቤተሰብ ለማምጣት በሚቀርብ ማመልከቻ ላይ ጥርጣሬ ያስከትላልና፣ ጉዳዩን ወደ ጠበቃ ወይም የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዕውቅና ወደ ሰጠው ወኪል ውሰዱት። ያለ ፈቃድ የሕግ ምክር መስጠት ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ፣ ዋጋውን የሚከፍለው እናንተ ሳትሆኑ ባለጉዳዩ ነው።

የሰዓት አቆጣጠራችንንም አትርሱ። ሐኪም ቤት ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ያለው ቀጠሮ በእኛ 9 ሰዓት ስለሆነ፣ በካርድ ላይ ሁለቱንም ጽፋችሁ ስጡ፤ በዚህ ምክንያት ያመለጠ ቀጠሮ ብዙ ነው።

ስለ ማስተርጎም ጥብቅ ምክር አለኝ፤ ልጆችን አስተርጓሚ አታድርጉ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ግዴታው የመነጨው እ.ኤ.አ. ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው፤ ስለዚህ አስተርጓሚ ስትጠይቁ ውለታ እየለመናችሁ አይደለም። የእናቱን የደም ምርመራ ውጤት ለእናቱ እንዲነግር የተደረገ የአሥር ዓመት ልጅ ሊሸከመው የማይገባውን ይሸከማል፤ እናትየዋም በልጇ ፊት የማትናገረውን ሕመም ደብቃ ትመለሳለች። ሌላው ደግሞ፣ አማርኛ የሚችል ሰው ሁሉ በአማርኛ መናገር ይፈልጋል ብላችሁ አታስቡ። በኢትዮጵያ መጠለያ ጣቢያዎች ዓመታት የኖረ ኤርትራዊ ወይም ሶማሊያዊ፣ እንዲሁም ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ አፉን የፈታበት ወገናችን፣ አማርኛውን እየቻለ በራሱ ቋንቋ መናገር ሊመርጥ ይችላል፤ ካሳለፍነው ጦርነት በኋላ አስተርጓሚው ከየት አካባቢ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግም አለ። ጠይቁት፤ መልሱንም ሳትከራከሩ ተቀበሉ።

የስደቱን ታሪክ ግን አትጠይቁት። ያን ታሪክ ለመዝጋቢው፣ ለኮሚሽኑ ሠራተኛና ለኢሚግሬሽን መኮንኑ ደጋግሞ ተናግሮታል፤ በየጊዜውም ዕጣው በአነጋገሩ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በእናንተ ፊት መናገርም ሆነ ዝም ማለት የእርሱ ፈቃድ ይሁን። ሊነግራችሁ ሲመርጥ አዳምጡ፤ እንቅልፍ ማጣትን ወይም ከሰው መራቅን ስታዩ የባለሙያ እርዳታ የት እንደሚገኝ ንገሩት እንጂ እናንተ ሐኪም ለመሆን አትሞክሩ።

ስለ ሥራ ስንናገር እውነቱን መሸፈን አይገባም። የአሜሪካ ፕሮግራም ዋና ዓላማ ሰው በተቻለ ፍጥነት በገቢው እንዲተዳደር ማድረግ ነው፤ ስለዚህ በአገሯ ነርስ የነበረችው ሆቴል ታጸዳለች፣ መምህር የነበረው በአየር ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል። የቤት ኪራይ ስለማይጠብቅ ይህን የመጀመሪያ ሥራ እንዲቀበሉ ማበረታታት ተገቢ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ሥራ የመጨረሻው ሆኖ እንዲቀር መፍቀድ ትልቅ በደል ነው። ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ዲፕሎማዋ የት እንደሚገመገም፣ የክፍለ ግዛቱ የነርሶች ቦርድ ምን እንደሚጠይቅ፣ የትኛውን የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ እንዳለባት ከእርሷ ጋር ተቀምጣችሁ ጻፉ። በሆስፒታል በረዳትነት የሚገኝ ሥራ በደመወዝ ከሆቴሉ ባይሻል እንኳ ወደ ሙያዋ ያቀርባታልና፣ ልዩነቱን አሳይታችሁ ምርጫውን ለእርሷ ተዉ።

የጉዞ ብድሩንም አስቀድማችሁ አስረዱ። ስደተኛው ከመሳፈሩ በፊት የአውሮፕላን ትኬቱን ዋጋ እንደሚመልስ ለዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ፈርሟል፤ ወለድ የለበትም፤ ክፍያው የሚጀምረው ከገባ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ነው። ሳይነገረው ደብዳቤው የደረሰው ሰው ይደነግጣል። የተነገረው ግን በወቅቱ የሚከፍለው ገንዘብ የክሬዲት ታሪኩ፣ ማለትም ብድርን በወቅቱ የመክፈል መዝገቡ፣ መነሻ እንደሚሆንለት ስለሚያውቅ አስቦበት ይጠብቃል።

አረጋውያንን አደራ እላችኋለሁ። በስደተኛነት የገባ አዛውንት ከመንግሥት የሚያገኘው የጡረተኞችና የአካል ጉዳተኞች ድጎማ ዜግነት ካላገኘ በሰባት ዓመት ይቋረጥበታል። ግሪን ካርድ የሚጠየቀው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ዜግነት ደግሞ ከገባበት ቀን ተቆጥሮ ከአምስት ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ የሚቀረው ጊዜ ከሁለት ዓመት አይበልጥም። ማንበብና መጻፍ ላልተማሩ እናት ይህ እጅግ አጭር ነው። የእንግሊዝኛ ትምህርታቸው ልጆቹ ሥራ ከያዙ በኋላ ሳይሆን በመጡበት ዓመት ይጀመር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ አዳራሹን ቢሰጥ፣ እናንተ በሳምንት አንድ ምሽት ብታስተምሩ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ቤት ለሚውሉት እነዚህ ሰዎች፣ ትምህርቱ ከሰው ጋር የሚገናኙበት መንገድም ይሆናል።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ወደምትጠይቁኝ ጥያቄ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2024 የበጀት ዓመት ከ100 ሺህ በላይ ስደተኞች ወደ አሜሪካ ገብተው ነበር። በጃንዋሪ 2025 ፕሮግራሙ በፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ታገደ፤ ለ2026 የበጀት ዓመት የተፈቀደው ከፍተኛ ቁጥርም 7,500 ብቻ ሆነ። ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ተበተኑ፤ ቢሮዎች ተዘጉ። ጉዞው ተፈቅዶላቸው፣ ጎጇቸውን ሸጠው፣ በረራቸው የተሰረዘባቸውን ቤተሰቦች ሳስብ ልቤ ይደማል። ታዲያ የቀረ ሥራ አለ ወይ ትሉኛላችሁ። አለ፤ ምናልባትም ከቀድሞው ይበልጣል፤ ምክንያቱም የገቡት ሰዎች እዚሁ ናቸው፣ ይረዳቸው የነበረው ቢሮ ግን የለም። አድራሻቸውን በለወጡ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ እንዳለባቸው፣ ከ18 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወንዶች ለውትድርና ምዝገባ ስማቸውን መስጠት እንዳለባቸው የሚነግራቸው ጎረቤት ያስፈልጋቸዋል። ሕጎቹም በየጊዜው ስለሚለወጡ፣ ዛሬ የጻፍኩላችሁን እንኳ ከመጠቀማችሁ በፊት ከባለሙያ ጋር አመሳክሩት።

በተለይ አንድ ነገር ጊዜ አይሰጥም። በስደተኛነት የገባ ሰው ከመምጣቱ በፊት ያገባትን ሚስቱን ወይም ያላገቡና ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቹን በፎርም አይ-730 መጠየቅ የሚችለው በገባ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። በዕገዳው ዋዜማ የገቡት የቀራቸው ጊዜ እያለቀ ነው፤ ከእነርሱም ውስጥ ፕሮግራሙ ተዘግቷል ሲባል ሰምተው ማመልከቻው አብሮ የቀረ የመሰላቸው ይኖራሉ። በደብራችሁ፣ በመስጊዳችሁ፣ በእቁባችሁና በሥራ ቦታችሁ በዚያ ወቅት የመጣ ሰው ካለ፣ ቤተሰቡ የት እንዳለ፣ ፎርሙንም አስገብቶ እንደሆነ በዚህ ሳምንት ጠይቁት፤ ካላስገባም የመግቢያ ሰነዱን ይዞ ከእናንተ ጋር ወደ ጠበቃ ይሂድ።