«መለኪያው የታለ?»

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሳይኮሎጂ ተመራቂ ተማሪ ቤቴ ድረስ መጥታ «መምህር፣ መጠይቁ ተዘጋጅቶ ያለቀ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ይኖርዎት ይሆን?» ስትል ጠየቀችኝ። ፊቷ ሳቅሁ፤ ከሄደች በኋላ ግን ሳቄ ጠፋ፤ ምክንያቱም ርዕስን በዚህ መንገድ መምረጥ ለተማሪ ያስተማርኩት እኔው ራሴ ነኝ።

በማማከር ሥራ ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ተማሪዬ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨት በታንኳ የሚያመላልሱ ሰዎች ማዕበል ሲነሳ ፍርሃታቸውን እንዴት እንደሚችሉት ለማጥናት ፈለገ። አጎቱ ቀዛፊ ስለነበሩ ጥያቄው ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት የኖረ ነበር። እኔ ግን ፕሮፖዛሉን ገለጥ ገለጥ አድርጌ «መለኪያው የታለ?» አልኩት። አልነበረውም። ስለዚህ ሰው ለራሱ የሚሰጠውን ግምት የሚለካውን የሮዘንበርግን መጠይቅ ሰጠሁት፤ 10 ዓረፍተ ነገሮች፣ ለእያንዳንዱ 4 ምርጫ፣ ድምሩ ከ0 እስከ 30 የሆነና በአጭር ጊዜ ተሞልቶ የሚያልቅ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. የታተመው በኒውዮርክ ግዛት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ከተሠራ ጥናት ጋር መሆኑን አውቅ ነበር፤ ያን ያህል አላሳሰበኝም።

መጠይቁ ሲሞላ አብሬው ወደ ሐይቁ ወረድኩ። አንድ ሽማግሌ ውሃ የጠጣ ታንኳቸውን ፀሐይ ላይ አቁመው የላላውን የደንገል እስር በገመድ ያጠብቁ ነበር። ደንገል ውሃ ስለሚመጥ ታንኳ ካልደረቀ እንደሚከብድ እኔ የከተማ ልጅ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ተማሪዬ በራሳቸው ይረኩ እንደሆነ የሚጠይቀውን ሲያነብላቸው እጃቸውን ከገመዱ ሳያነሡ «እኔ ራሴን ላመስግን እንዴ ልጄ? ሰው ያመስግነኝ እንጂ!» አሉ። «አልስማማም» ተብሎ ተመዘገበ። ከ10ሩ 5ቱ በአሉታ የተጻፉ ናቸውና እነሱ ላይ ስንደርስ ጭራሽ ተደናገርን፤ የሚኮሩበት ነገር እንደሌላቸው የሚገልጸው ዓረፍተ ነገር ሲነበብላቸው «የለም» ብለው ሲመልሱ፣ «የለም፣ ተሳስታችኋል» ማለታቸው ይሁን «አዎ፣ የለኝም» ማለታቸው ሁለታችንም አልለየንም። በዚህ መካከል ሽማግሌው ቀና ብለው ውሃውን አዩና፣ ሊቀዝፍ የተነሳ አንድ ጎረምሳ ላይ «ተው አንተ፣ ነፋሱ ሊነሳ ነው!» ብለው ጮኹበት። ተማሪዬ ዞሮ አየኝ። ሊያጠናው የፈለገው ነገር ፊታችን ቆሞ ነበር፤ እኔ ግን «ቀጥል፣ ቁጥር 7» አልኩት።

የሽማግሌው ድምር ከ15 በታች ሆነ። ጽሑፉም ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ዝቅተኛ ነው አለ፤ እኔም ፈረምኩ። በእኛ ዘንድ ጨዋ ሰው ራሱን አያሞግስም፤ እኛ ያንን ጨዋነት እንደ ጉድለት ቆጠርነው። ይባስ ብሎ ልጁ የሽማግሌውን ንግግር እንዳለ አስገብቶት ኖሮ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዤ «ከርዕሱ ውጭ» ብዬ ጻፍኩበት። ያገኘው ውጤት ጥሩ ነበር።

ዛሬ የሚመጡልኝ ርዕሶች አብዛኞቹ ማኅበራዊ ሚዲያ በተማሪዎች ላይ ስላለው ተጽዕኖ ሲሆኑ፣ መጠይቁን የሚሞሉትም የአጥኚው የዶርም ጓደኞች ናቸው። ወጣቶቹ ከስልካቸው ቀና ቢሉ ምን አለበት ብዬ ልወቅስ እልና፣ እኔ ስልክ ሳይኖረኝም ቀና እንዳላልኩ ትዝ ይለኛል።

ዝግጁ መለኪያ አትንኩ ማለቴ ግን አይደለም፤ አንድ ሴሚስተር ብቻ ላለው ተማሪ አዲስ መለኪያ መሥራት የማይቻል ነው፣ እኔም ዛሬ ብማከር ያንኑ መጠይቅ ልሰጥ እችል ይሆናል። ነገር ግን ርዕሱን ከመጻፋችሁ በፊት ጥያቄያችሁ ወዳለበት ቦታ ሄዳችሁ ሰዎቹ ነገሩን በምን ቃል እንደሚጠሩት አድምጡ፤ የተረጎማችሁትንም ለ5 ወይም ለ6 ሰው አንብቡና የገባቸውን በራሳቸው አነጋገር መልሰው ይንገሯችሁ። ድባቴን የመረጠ ተማሪ ደግሞ ሞትን እመኛለሁ የሚል ሰው ቢገጥመው ወዴት እንደሚልከው መጠይቁን ከማባዛቱ በፊት ይወቅ።

ልጅቷ እናቷ አሳ ነጋዴ መሆኗን የነገረችኝ ልትሄድ ከተነሣች በኋላ በሩ ላይ ቆማ ነው። ደውዬላት ቅዳሜ ጠዋት አሳ ወደሚራገፍበት ዳርቻ አብረን ለመውረድ ተቀጣጥረናል፤ መጠይቅ እንዳትይዝ ነግሬያታለሁ።