መልስ፦ የውሻ ነጭ የደም ሴል ሲቀልጥ ለምን ይሞታል?

ወንድሜ ከደብረ ማርቆስ የውሻ ደም ቀድተህ ባህር ዳር ላይ ነጩን ሴል ለይተህ አቀዘቀዝከው፣ ስታቀልጠው ግን ግማሹ ሞቶ ጠበቀህ አይደል፣ እኔ እምጠረጥረው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ መንገዱ ነው። በረዶ ላይ አርገህ ካመጣኸው ልክ አይደለም፣ ለዚህ ሥራ ደሙ ፀሐይ ሳይነካው በክፍል ሙቀት ይምጣና በዚያው ቀን ይሠራ፣ አይደር። ከዛ ደሙን በፒቢኤስ (ለሴል እሚስማማ የጨው ውሃ) እኩል ለእኩል አቅጥነህ ቲዩቡን ዘመም አርገህ ፊኮል (የደም ሴሎችን በእፍጋታቸው እሚለይ ፈሳሽ፣ እፍጋቱ 1.077 የሆነው) ላይ ቀስ ብለህ አንጠባጥበው፣ በሴንትሪፊውጅ (እሚያሽከረክረው ማሽን) በ400 ጂ (የመሬት ስበት 400 እጥፍ) 30 ደቂቃ አሽከርክረው፣ የማሽኑን ብሬክ አጥፋ በናትህ፣ ሲቆም መሃል ላይ የወተት ስልባቦት የመሰለች ስስ ነጭ ቀለበት ታያለህ፣ ነጩ ሴል እዚያ ነው፣ እሷን ብቻ ሳብ።

ሁለተኛው ማቀዝቀዙ ነው፣ ብዙ ሰው እሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ሴሉን 90 ፐርሰንት ሴረም (ከደም እሚለይ ፈሳሽ) 10 ፐርሰንት ዲኤምኤስኦ (በረዶ ሴሉን እንዳይጎዳው እሚከላከል ኬሚካል) ውስጥ አርገው፣ ዲኤምኤስኦው ከገባ በኋላ ስልክ ማንሳት የለም፣ ዲኤምኤስኦው ከቆየበት ሴሉን ይመርዘዋል። በደቂቃ 1 ዲግሪ እንዲወርድ ቀስ በቀስ በሚያቀዘቅዘው ሣጥን ውስጥ አርገህ ማይነስ 80 ላይ አሳድረውና በማግስቱ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ክተተው። ናይትሮጅን ከቸገረህ ከብት አዳቃዮቹን ጠይቅ፣ የኮርማ ዘር እሚያስቀምጡት በሱ ነው። ስታቀልጠው ደግሞ ግልባጩ ነው፣ 37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ቶሎ፣ ትንሽ በረዶ ስትቀር አውጥተህ ሞቅ ያለ ሚዲያ (ሴሉ እሚኖርበት ምግብ ያለው ፈሳሽ) ጠብ ጠብ አርግበት።

ውሻውንም አደራ፣ 10 ሚሊ ከፊት እግሩ ይበቃሃል፣ ባለቤቱ አጠገቡ ሆኖ እያሻሸው ይቀዳ።