ኢኤልዲው እየተቆራረጠ ላስቸገረዎ ሹፌር

ከዳላስ የጻፉልን የከባድ መኪና ሹፌር ጥያቄ ይህ ነው፦ «የ2019 ፍሬይትላይነር ካስኬዲያ እነዳለሁ። ኮረኮንች መንገድ ላይ ስገባ የኢኤልዲው (የመንዳት ሰዓትን በራሱ የሚመዘግበው መሣሪያ) ታብሌት ‹ግንኙነት ተቋርጧል› ይላል። ማታ ስከፍተው ደግሞ ማን እንደነዳ ያልታወቀ ጊዜ ተመዝግቦ አገኛለሁ። ዲስፓቸሩ (ጉዞዬን የሚመድበው የቢሮ ሠራተኛ) ‹ተወው፣ እኔ ከቢሮ አስተካክለዋለሁ› ይለኛል። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ታብሌቱን ለመቀየር አይቸኩሉ። ይህ ዕቃ ሁለት ግንኙነቶች አሉት። አንዱ ከሞተሩ ኮምፒውተር እስከ ትንሿ ሳጥን በገመድ የሚሄደው ነው፤ ሌላው ከሳጥኗ እስከ ታብሌቱ ያለው ብሉቱዝ ነው። የታመመውን ለመለየት መኪናውን አቁመው የማቆሚያ ፍሬኑን ይያዙ፤ ሞተሩን ሳያጠፉ ከመሪው በታች ያለውን ክብ ሶኬት በእጅዎ ይነቅንቁት። የሳጥኗ መብራት ከጠፋ ችግሩ ገመዱ ላይ ነው። መብራቱ ሳይጠፋ ታብሌቱ ብቻ የሚቋረጥ ከሆነ ችግሩ ብሉቱዙ ጋ ነው፤ የታብሌቱ ባትሪ ቆጣቢ መተግበሪያውን እየዘጋው እንደሆነ ይዩ፣ ሳጥኗም ከሌላ ስልክ ጋር ተገናኝታ እንደሆነ ያረጋግጡ።

እኔ ግን ገመዱን እጠረጥራለሁ። መንገዱ ሲያንገጫግጭ ብቻ የሚመጣ ጥፋት ብዙውን ጊዜ የላላ ሶኬት ነው። ሳጥኗ ለአፍታ ኃይል አጥታ እንደገና ስትነሣ፣ ታብሌቱ እስኪያገኛት ድረስ የሚነዱትን ጊዜ ያለ ስም ትመዘግበዋለች። ያ ባለቤት የሌለው ጊዜ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ሶኬቱን ነቅለው ዘጠኙን ፒኖች በባትሪ መብራት ይመርምሩ፤ የተጣመመ ወይም ወደ ውስጥ የገባ ካለ እሱ ነው ተጠያቂው። መልሰው ሲሰኩት ቀለበቱን እስኪቆልፍ ያዙሩት። በዳሽቦርዱ በኩል ያለው ሶኬት ራሱ የሚሽከረከር ከሆነ ከኋላው ያለው ማሰሪያ ላልቷል። ቮልት መለኪያ ካለዎት በኤ እና በቢ ፒኖች መካከል የባትሪው 12 ቮልት መኖር አለበት። ባትሪው ተለያይቶ በሲ እና በዲ መካከል ሲለካ 60 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት፤ 120 ካሳየ የመረጃ መስመሩ አንድ ቦታ ተበጥሷልና ለኤሌክትሪሺያን ይተዉት። የተንጠለጠለ ገመድ ካለም ከፔዳሎቹ ርቆ ይታሰር።

ሳጥኗ ከሞተሩ ኮምፒውተር ጋር ያላት ግንኙነት በ24 ሰዓት ውስጥ ተደማምሮ ከ30 ደቂቃ በላይ ከተቋረጠ መሣሪያው ራሱ ብልሽት ብሎ ይመዘግባል። ያኔ በ24 ሰዓት ውስጥ ለድርጅትዎ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የዕለቱንና ያለፉትን 7 ቀናት መዝገብ ከመሣሪያው ማውጣት ካልቻሉ በወረቀት ይሥሩት፤ እስኪጠገንም በወረቀት ይቀጥሉ። ድርጅቱ በ8 ቀናት ውስጥ የማስጠገን ግዴታ አለበት። ባዶ የሎግ (የመንዳት ሰዓት መዝገብ) ወረቀት ከመኪናዎ አይለይ፤ ቢያንስ ለ8 ቀን የሚበቃ መያዝ ግዴታ ነው።

ወደ ዲስፓቸሩ እንምጣ፤ እዚህ ላይ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ያ ስም የሌለው ጊዜ እርስዎ የነዱት ከሆነ ገብተው ይቀበሉት፣ ምክንያቱንም ማስታወሻ ላይ ይጻፉ። ካልነዱት አይቀበሉ። ቢሮው የማስተካከያ ሐሳብ ሊልክልዎ ይችላል፤ ያለ እርስዎ ማረጋገጫ ግን አይጸናም፣ የመጀመሪያው መዝገብም አይጠፋም። መሣሪያው ራሱ የመዘገበውን የመንዳት ሰዓት ማሳጠርም ክልክል ነው። የቀኑን መዝገብ ከማጽደቅዎ በፊት እያንዳንዱን መስመር ያንብቡ፤ ፊርማው የእርስዎ ነው፣ ፍተሻ ላይ የሚጠየቁትም እርስዎ ነዎት።

ደግሞም ታብሌቱ ሰዓትን እንጂ እንቅልፍን አይለካም። ከ10 ሰዓት ዕረፍት በኋላ በ14 ሰዓት ውስጥ 11 ሰዓት መንዳት ይፈቀዳል፤ 8 ሰዓት ከነዱ በኋላም የ30 ደቂቃ ዕረፍት ግዴታ ነው። ነገር ግን ያን 10 ሰዓት የጭነት ማቀዝቀዣ ሞተር አጠገቡ ሲጮህ ያደረ ሰው ሰዓት ቢተርፈውም ዐይኑ አይከፈትም። የአሜሪካ ሕግ በድካም ንቃቱ የቀነሰ ሹፌር እንዳይነዳ፣ ድርጅቱም እንዳያስነዳው ይከለክላል፤ ታብሌቱ ላይ ሰዓት መትረፉ ይህን አይለውጠውም። ዲስፓቸሩ «ሰዓት አለህ» ብሎ ሲገፋዎት «ደክሞኛል፣ አሁን አልነዳም» ብለው በስልክ መልእክት ይጻፉለት፤ መልእክቱንም አያጥፉት።